ሾፌር መሐመድኑርና የነሲባ መዳፍ

ጋሸና መገንጠያው ላይ ወርዶ «ሾፌር መሐመድኑር የት ይገኛሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን መንገድ ይዞ ትንሽ እንደሄደ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ በሯ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ የተንጠለጠለባት ምግብ ቤት ያገኛል። ምግብ ቤቷ የልጃቸው የጀውሀራ ናት። እሳቸው ከበሩ በስተቀኝ፣ የጠዋት ፀሐይ በምታርፍበት አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን መኪና ቀና ብለው አያዩትም፤ በድምፁ ያውቁታል።

«ይኼ ልጅ ማርሽ ሲቀይር ያቺን መኪና ያሰቃያታል» ይላሉ። ወይም ደግሞ፣ «ያ አይሱዙ ፍሬኑን ሳያሳይ የድልብን ቁልቁለት እወርዳለሁ ካለ አላህ ይሁነው።»

ዕድሜያቸውን የጨረሱት ተሳቢ ላይ ነው። ከወደብ ስንዴና ማዳበሪያ ጭነው፣ የሚሌን ሙቀት አልፈው፣ የድልብን ጉም በመብራት እየቀደዱ ደጋ ሲወጡ ጎልማሳነታቸው አለፈ። በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ብቻቸውን ከርመዋል። አንድ ጊዜማ ጅብ ጋቢናው ሥር ሲያላዝን አድሮ፣ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ብለውት ወረዱ ይባላል። ይህን የሚለው ማን ነው ከተባለ፣ ራሳቸው ናቸው።

ረዥም ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ መዳፋቸው እንደ አካፋ ሰፊ። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈራው ነገር አለ ቢባል ጋሸና ውስጥ የሚያምን አልነበረም። ግን ነበር። ጋሽ መሐመድኑር ደም ማየት አይችሉም። ሙክት በሚታረድበት በዓል ሁሉ «መኪናዋ ዘይት ጎድሏታል» ብለው ከቤት ይወጡና፣ ሥጋው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ይመለሳሉ። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ሐምዲያ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ምስጢሩን ይዘውት ሄዱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዘመን ተሸፍኖ የኖረ ነገር የተገለጠው በአንዲት የልጅ ልጅ ምክንያት ነው።

ነሲባ የጀውሀራ ልጅ ናት። ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። አባቷ ሙጃ ገበያ እህል እየገዛ ስለሚነግድ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ነሲባ ብዙ ቃል አታውቅም፤ የምታውቀውን ግን በደንብ ትሠራበታለች። «የኔ» ትላለች፣ ያየችውን ሁሉ። «ድገም» ትላለች፣ የወደደችውን ሁሉ። አያቷን «አባ» ትላቸዋለች።

ያን ቀን፣ ከገና ማግስት ባሉት ብርዳማ ጠዋቶች በአንዱ፣ ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ጀውሀራ ሽንኩርት እያቁላላች፣ ረዳቷ ፈትሂያ ሰሃን እያመላለሰች ነበር። ነሲባ ለአያቷ ተሰጥታለች። እሳቸውም ትንሽ እጇን ይዘው አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

አንድ ወጣት ሾፌር ፍርፍሩን እየጎረሰ፣ «ጋሼ፣ ድልብን ያለ ፍሬን የወረዱት እውነት ነው?» አላቸው።

ይህን ጥያቄ ተቀምጠው ሊመልሱት አይችሉም። ብድግ አሉ። በሁለት እጃቸው የማይታይ መሪ ያዙ። ማርሹን ወደ ከባድ መለሱ፤ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ተጠጉ፤ «ያ አላህ!» አሉ፤ ክላክሱን ነፉ። መሪ በሁለት እጅ ሲያዝ ደግሞ ልጅ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም።

ነሲባ ወደ ጓሮ ዞረች። እዚያ፣ ፈትሂያ ገና ከፍታ ያስቀመጠችው ባዶ የሳልሳ ጣሳ ነበር። ክዳኑ በአንድ በኩል ተቆርጦ በሌላው በኩል ተንጠልጥሏል። ውስጡ ምን እንዳለ ማየት አስፈለጋት፤ እጇን ሰደደች።

አላለቀሰችም። ቀስ ብላ እየተራመደች፣ እጇን እንደ ሰሃን ወደ ፊት ዘርግታ መጣችና አያቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ቀይ» አለች።

መኪናው ያን ጊዜ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ነበር። ጋሽ መሐመድኑር ቁልቁል አዩ። ከዚያም «ጀውሀራ!» ብለው ሲጮሁ፣ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሚኒባስ እሱን የጠሩት መስሎት ቆመ።

ጩኸቱን ስትሰማ ነው ነሲባ ነገሩ የሚያስለቅስ መሆኑን የተረዳችው። አፏን ከፈተች። ጀውሀራ ማንኪያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች፤ ሻሿን ፈታ የልጇን መዳፍ ጠመጠመችው። ጎረቤታቸው ጎሚስታው ሰይፈ ሥላሴም የያዘውን ጎማ ጥሎ ባጃጅ አስቆመ። ምድጃውን ለፈትሂያ ትተው፣ አራቱም ተጠጋግተው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

ሲስተር ሰርካለም የተቀበለቻቸው እርጋታዋን እንደያዘች ነው። ሻሹን ፈታች፤ መዳፉን አጠበች፤ የነሲባን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈችና እየዘረጋች አየች።

«አብሽሪ» አለቻት ጀውሀራን፤ ክርስቲያን ብትሆንም በዚያ አገር ይህን ቃል የማያውቅ የለም። «ጅማቷ አልተነካም። ትንሽ እንሰፋላታለን፣ ያልቃል። አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝልኝ።»

ጀውሀራ እጇን ስትዘረጋ፣ ጋሽ መሐመድኑር በትከሻቸው ገፋ አደረጓት። «እኔ እይዛታለሁ። ይኼ ጠንካራ እጅ ነው የሚፈልገው።»

«አባዬ፣ ይቅርብዎት።»

«የተሳቢ መሪ የያዘ እጅ ይቺን ያቅተዋል?»

ያዟት። ሲስተር ሰርካለም የማደንዘዣውን መርፌ አነሳች። መርፌው ገና ቆዳውን ከመንካቱ የጋሽ መሐመድኑር ዓይን ወደ ጣሪያው ዞረ፤ ክሪክ እንደከዳው መኪና ቀስ ብለው ዘመም አሉ፤ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ ወረዱና ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ልጅቷን ጀውሀራ ከአየር ላይ ቀለበቻት።

ነሲባ ለቅሶዋን አቋረጠች። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ሲተኛ አይታ አታውቅም።

«አባ ተኛ» አለች በመገረም።

«አዎ፣ ተኙ» አለች ሲስተር ሰርካለም፣ ትንፋሻቸውን ካየች በኋላ። «ሰይፈ ሥላሴ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ። ጀውሀራ፣ አንቺ ልጅሽን። በሉ በዚህ አጋጣሚ እንጨርስ።»

እውነትም ጨረሱ። ነሲባ ጉንጯ ላይ እንባዋ ሳይደርቅ፣ በደኅናው እጇ ወደ አያቷ እየጠቆመች «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ስትል መዳፏ ተሰፍቶ፣ ነጭ ፋሻ ተጠመጠመበት። መርፌውን ዞር ብላ አላየችውም።

ጋሽ መሐመድኑር ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «መኪናው ቆመ?» የሚል ነው።

«ቆሟል ጋሼ» አለ ሰይፈ ሥላሴ፣ ሁለት እግራቸውን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ። «ጎማው እኔ ጋ ነው።»

ሲስተር ሰርካለም ከመሸኘቷ በፊት አስጠነቀቀች። ፋሻው ውሃ እንዳይነካው፤ አፈርና አመድ እንዳይነካው፤ ክሩን እስክታወጣላት ድረስ አጠገቧ የማይጠፋ ሰው ይኑር። ጀውሀራ ድስቶቿን አሰበች። ፈትሂያን አሰበች። ባሏ ሙጃ ነው።

«እኔ አለሁ» አሉ ጋሽ መሐመድኑር። አሁንም ቀለማቸው አልተመለሰም።

ነሲባም «አባ የኔ» አለች።

እንግዲህ የሳቸው ሥራ ተጀመረ። የሁለት ዓመት ልጅ እጅ ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ድልብን ያለ ፍሬን መውረድ ከባድ ነው ይላል። ነሲባ ቀልጣፋ ናት። ሰሃን የሚታጠብበት ገንዳ ጋ ትሄዳለች፤ እሳቸው እዚያ ሲደርሱ አመዱ ጋ ነች፤ አመዱ ጋ ሲደርሱ የፈትሂያ ሊጥ ውስጥ ልትገባ ነው።

መጀመሪያ እጇን ፌስታል አጠለቁላት። ነክሳ አወለቀችው። ቀጥሎ የራሳቸውን የሱፍ ካልሲ አመጡ። ካልሲው እስከ ብብቷ ደረሰ፤ እሷም ሕፃን መስሏት አውጥታ አዘለችው። ሰይፈ ሥላሴ ይህን ሲያይ አዝኖ፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላይ ቆርጦ፣ በማጣበቂያ ለጥፎ፣ አንድ የጎማ ጓንት ሠራላት።

«ይኼን በጎርፍ ውስጥ ይዛው ብትሄድ ውሃ አይገባውም» አለ እየኮራ።

ውሃ አልገባውም። ግን ነሲባ ድመቷን በጓንቱ ስታባርር ዋለችና፣ ማታ ጀውሀራ «ልጄ ጎማ ጎማ ትሸታለች» ብላ ወረወረችው።

መፍትሔው የመጣው ሳይታሰብ ነው። ጋሽ መሐመድኑር አንድ የሐምዲያን አበባ ያለበት ሻሽ ከሣጥን አውጥተው፣ እጇ እንዳይወዛወዝ ብለው አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። ነሲባ ሻሹን አየችው፤ ውስጡን ከፈት አደረገችው፤ ፊቷ በራ።

«ቦርሳ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ብስኩቷ የሚቀመጠው እዚያ ሆነ። የለስላሳ ቆርኪ፣ የዶሮ ላባ፣ ከጎሚስታው ቤት የተገኘ ብሎን፣ ሁሉም እዚያ ገባ። እጇም ንብረቷን ሊጠብቅ እዚያው ተቀመጠ። ልታጥበው፣ አመድ ልትዝቅበት፣ ሊጥ ልታቦካበት አላወጣችውም። ለሰው አደራ አይሰጥም መቼም፣ ብሎን ያለበት ቦርሳ።

መብል ሌላ ጣጣ አመጣ። የቆሰለው ቀኝ እጇ ነው። ሰሃኑ ሲቀርብላት ነሲባ ግራ እጇን ሰደደች።

«በቀኝ!» አሉ ጋሽ መሐመድኑር ደንግጠው። «ቢስሚላሂ ብለሽ በቀኝ ነው የሚበላ፣ የኔ እናት።»

ነሲባ ፋሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸውና፣ በግራዋ እንደገና ሰደደች።

ተጨነቁ። ልጅ ናት፣ ቆስላለች፣ አላህ ያውቃል። ግን ግራ ከለመደችስ? ነገ ሰው ፊት በግራ ስትበላ፣ ማን አሳደጋት ቢባል? በመጨረሻ እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራውን ቆርሰው፣ በሰፊው መዳፋቸው ጫፍ ትንሽ ጉርሻ አዘጋጁና ወደ አፏ አስጠጉ። ነሲባ ጎረሰች። አላመጠች። አፏን ከፍታ ሁለተኛውን ጠበቀች።

«ድገም።»

በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ነሲባ ሙሽራ ሆነች። በገዛ እጇ መብላት የሚባል ነገር ተረሳ። ጋሽ መሐመድኑር ሲደክማቸው ደግሞ ወደ እንግዶቹ ዞረች። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየሄደች፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ አፏን ከፍታ ትቆማለች። አዳሪ ሾፌር ሁሉ ልጅ ናፍቆታል፤ ማን ይጨክናል? አንዱ ጥብስ፣ አንዱ ፉል፣ አንዱ የሙዝ ቁራሽ ያጎርሳታል። አንድ ቀን ጀውሀራ ከጓዳ ብቅ ስትል፣ ልጇ አራተኛው ጠረጴዛ ጋ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«አባዬ! ልጄን ለማኝ አደረጋችኋት እኮ!»

«ምን ለማኝ አለ፣ ግብር እየሰበሰበች ነው» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ።

በዚያው ሰሞን ከላሊበላ የሚመለሱ ተሳላሚዎች ምሳ ሊበሉ ጎራ አሉ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ ገለቴ የሚባሉ፣ የነሲባን ፋሻ አዩ። ቢጫ ጀሪካናቸውን ፈተው፣ «ይቺን ጠበል ላንጠባጥብላት፣ ወዲያው ነው የምትድን» አሉ።

ጋሽ መሐመድኑር ተነስተው ቆሙ። አሮጊት ናቸው፣ እንግዳ ናቸው፣ ያመጡት በረከት ነው። በሌላ በኩል የሲስተር ሰርካለም ትእዛዝ አለ። ሁለት ከባድ መኪና ጠባብ ድልድይ ላይ እንደተገናኘ ያለ ነገር ነው።

«እማማ» አሉ በአክብሮት እጅ ነስተው፣ «አላህ ያክብርልኝ። እጇን ሐኪሟ ውሃ እንዳይነካው ብላለች። እርስዎ በምርቃት ብቻ ይለፉልኝ።»

እማማ ገለቴ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ጠባቂዋ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለጠባቂዋ ይድረስ» አሉና፣ እፍኝ ሙሉ በጥር ብርድ የቀዘቀዘ ጠበል ፊታቸው ላይ ረጩት። ጋሽ መሐመድኑር «ቢስሚላህ!» ብለው ዘለሉ። ነሲባ በሳቅ ወደቀች። «ድገም! ድገም!» ስትል እማማ ገለቴም አላሳፈሯትም፤ ደገሙ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የምስሩ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ጋሽ መሐመድኑር ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ጥቂት ዞር አሉ። ሲመለሱ ነሲባ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ፋሻዋ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ቀልቷል።

ለመውደቅ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ያን ቀን ያዳናቸው ያ ነው። ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ልጅቷን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ በእግራቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። «ኧረ ጋሼ ምን ሆኑ?» የሚለውን አልሰሙም። ሰይፈ ሥላሴ ከኋላ ተከትሎ ሮጠ። ለምን እንደሚሮጡ ያላወቁ ሁለት ሰዎችም ተከተሉ።

«ሲስተር! ተተረተረ! ስፌቱ ተተርትሯል!»

ሲስተር ሰርካለም እጇን ያዘች። አየች። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። አንድ ነገር ከፋሻው ላይ በጥፍሯ አንስታ በብርሃን አየችው።

«ጋሽ መሐመድኑር።»

«እእ?» ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው።

«ይኼ ምስር ወጥ ነው።»

ሰይፈ ሥላሴ መሳቁን ደብቆ ሊወጣ ሞከረ፤ አልተሳካለትም፤ በሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ሲስተር ሰርካለም አዲስ ፋሻ እያደረገች፣ «በርበሬው ደግሞ ጥሩ ነው፤ ጀውሀራ ስትፈጭ ትጥራኝ» አለች። ቁስሉን ስትገልጠው ንጹሕ ነበር፤ ወጡ አልደረሰበትም፤ እየገጠመ ነው። «ልጅቱን በደንብ ነው የያዙልኝ» አለቻቸው፤ ይህን ስትል አልቀለደችም። እሳቸው ግን አሁንም መስኮቱን እያዩ ነበር።

ነሲባ በአያቷ ትከሻ ላይ ሆና ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ አዲሱን ፋሻዋን እያወዛወዘች ታሳይ ነበር።

ያን ቀን ጀውሀራ ለራሷ ሻይ ቀድታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ልጅቷ በሁለቱ መካከል ተኝታለች።

«ፈርተው ነበር አይደል?» አለቻቸው።

«እኔ? ተይ እንጂ።»

ሳቀች። ከዚያም እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን አሳየቻቸው። አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ረዘም ያለ፣ የፈካ። ጋሽ መሐመድኑር አጎንብሰው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከግንብ ላይ ወድቄ ነው። ዕድሜዬ የነሲባ እጥፍ ነበር። እማዬ ተሸክማ ላሊበላ ድረስ ወሰደችኝ።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«ባቲ ይሁን ሚሌ እንጃ። ሲመጡ ድኖ ነበር። ቴምር አምጥተውልኝ ነበር፣ አስታውሳለሁ፣ በጣም ጣፋጭ ቴምር።»

ጋሽ መሐመድኑር ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። «ሐምዲያ አልነገረችኝም» አሉ።

«ይወድቃሉ ብላ ይሆናላ!» አለች ጀውሀራ፤ ሁለቱም ልጅቷን ላለመቀስቀስ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሻዩ ሲያልቅ ጀውሀራ ወደ ድስቷ ተመለሰች። እሳቸው ግን እንግዳ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈውን መኪና አልገመገሙም።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ጋሽ መሐመድኑር ጠዋቱን ሙሉ ምክንያት ሲፈልጉ አረፈዱ። ጉልበቴን አሞኛል አሉ። ሰይፈ ሥላሴን ላግዘው አሉ። ጀውሀራ ራሷ ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትል ግን ነሲባ የአያቷን ጋቢ ጫፍ በግራ እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች።

«አባ ና!»

«እኔ ደጅ ሆኜ…»

«አባ ና!»

ሄዱ። ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ሊቀሩ ሞከሩ፤ ጋቢው ተጎተተ፤ ገቡ። ሲስተር ሰርካለም ወንበር አቀረበችላቸው።

«ዛሬ ተቀምጠው ነው የሚይዟት። ጀርባዎትን ግድግዳው ላይ ያስደግፉ። ወደ እኔ አይዩ። የሚያውቁትን ወሬ ያውሯት፤ እጇን እንድትረሳው ብቻ ነው የምፈልገው።»

ጋሽ መሐመድኑር ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደሚያወሩ አሰቡ። የሚያውቁት መንገድ ነው።

«እሺ፣ የኔ እናት። ከጋሸና ልንነሳ ነው። ጎማ አየን፣ ዘይት አየን። ቢስሚላህ። ድርርርር…»

«ድርርር» አለች ነሲባ።

«መንገድ ላይ አህያ አለ። ምን እናድርግ?»

«ጲጵ!»

«ጲጵ! አለፈ። እስታይሽ ደረስን። ጉም ነው፣ ምንም አይታይም። መብራት አበራን። ከፊታችን በግ፣ ብዙ በግ።»

«ጲጵ! ጲጵ!»

መቀሱ ቀጭ አለ። ጋሽ መሐመድኑር ሰሙት።

«ድ… ድልብ ላይ ደረስን…» ብለው ወሬውን አቆሙ።

ነሲባ አያቷ መኪናውን ገደል አፋፍ ላይ ማቆማቸው አልተዋጠላትም። በግራ እጇ ደረታቸውን መታች። «አባ ንዳ!»

«ኧረ ይንዱ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረን» አለች ሲስተር ሰርካለም ከወዲያ።

«እየነዳሁ ነው! ከባድ ማርሽ አስገባሁ። ወደ ተራራው ተጠጋሁ። ቀስ… ቀስ… ሳንቃ! ሳንቃ ወረድን። ሞቀን። ጋቢ አወለቅን። ወልዲያ ገባን፤ ባጃጅ በባጃጅ ሆነብን።»

«ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!»

«መርሳ ደረስን፣ ማንጎ ገዛን…»

«ጨረስኩ» አለች ሲስተር ሰርካለም።

ነሲባ ዞር ብላ በቁጣ አየቻት። በሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። አልጣሽ የምትባል፣ ሳል ይዟት የመጣች ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች፣ «መርሳማ አንወርድም፣ ሚሌ ነው የተሳፈርነው» አለች።

እናም ሚሌ ድረስ ነዱ። በውርጌሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ ዳር አልፈው፣ ደሴን ወጥተው፣ ኮምቦልቻን ወርደው፣ ባቲ ላይ ግመል እያሳለፉ። በግመሎቹ ጊዜ ሲስተር ሰርካለም ራሷ ጲጵ አለች። ሚሌ ሲደርሱ ጋሽ መሐመድኑር ፍሬን ያዙ፤ እጃቸውን አነሱ፤ ዓይናቸውን ገለጡ።

የነሲባ መዳፍ ፊታቸው ተዘርግቷል። ከጣቶቹ ሥር አንዲት ቀይ ዳማ መስመር ታልፋለች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ የተሰመረች።

«ይኼው ነው?» አሉ።

«ይኼው ነው።»

«ይኼን ያህሏ ናት? እኔ እኮ አስፋልት የሚያህል መስሎኝ ነው!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አልወደቁም። ከወንበሩ ለመነሳት ግን የአልጣሽን ክንድ ያዙ።

ለቅሶው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነሲባ ፋሻዋ ቅርጫት ውስጥ መጣሉን አየች። ስትቆረጥ ያላለቀሰችውን፣ ስትሰፋ ያላለቀሰችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሰች። «የኔ! የኔ!» ስትል ግቢው ተናወጠ። ሲስተር ሰርካለም ቁራጭ ንጹሕ ፋሻ ቀድዳ አንጓዋ ላይ እንደ አምባር አሰረችላት። ያም በማግስቱ ገንዳው ውስጥ ወድቆ ቀረ፤ ነሲባ እንኳ አልፈለገችውም። የሁለት ዓመት ልጅ ኀዘን እንዲህ ነው።

በእጇ ወደ መብላት ለመመለስ ግን ብዙ አስቸገረች። ጀውሀራ ጨክና፣ ከሾፌሮቹ ጋር ሁሉ ተማክራ፣ ማንም እንዳያጎርሳት አስከለከለች። ነሲባ አፏን ከፍታ ጠረጴዛ ሁሉ ዞረች። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ አዩ። አያቷ ጋ ስትደርስ እሳቸውም ጣሪያ አዩ። በመጨረሻ ተናደደችና ቀኝ እጇን ሰሃናቸው ውስጥ ሰድዳ፣ የቻለችውን ያህል ዘግና ሮጠች።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ መሐመድኑር፣ ባዶ ሰሃናቸውን እያዩ። «በቀኟ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ምግብ ቤቱ ያው ነው። የሳልሳ ጣሳ ብቻ አሁን ገና እንደተከፈተ ተጨፍልቆ ይጣላል። ጋሽ መሐመድኑርም አግዳሚያቸው ላይ አሉ፤ ማርሽ አላግባብ የሚቀይረውን ይሳደባሉ። ግን ድልብን ያለ ፍሬን የወረዱበትን ታሪክ አሁን በአንድ እጅ ነው የሚተርኩት። ሌላኛው እጃቸው ተይዟል።

ሰዉም ስማቸውን ቀይሮባቸዋል። «ሾፌር» የሚላቸው እየቀነሰ ነው። ባለፈው ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ የድሮ ወዳጃቸው፣ ጋቢናው ባዶ መሆኑን ነግሯቸው፣ «ና እስከ ወልዲያ ደርሰን እንመለስ፣ አየር ትቀይራለህ» ሲላቸው፣ ሰይፈ ሥላሴ ከጎማው ቀና ሳይል መለሰለት።

«እሳቸውን ምን ትጠይቃለህ? እሳቸው የነሲባ ረዳት ናቸው። ሾፌሯን ጠይቅ።»

«እሷ የት አለች?»

ጋሽ መሐመድኑር በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «ተኝታለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሞተሩን አታስጩኸው።»